ሁለተኛ የወጣችው ልጅ

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። ወረፋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ጄሪካኑን ገልብጬ ተቀምጬበታለሁ። ከፊቴ ሃያ ሰው አለ።

የታሪክ መምህራችን የመጨረሻውን አሳይመንት ሰጠን። ዩኒቨርሲቲው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ የግቢውን ታሪክ ጻፉ አለን። ጥሩ የሆነው በሃምሳኛው ዓመት መጽሔት ላይ ይወጣል። ማን ከማን እንደሚሠራ ራሱ መደበ። «አንደኛዋና ሁለተኛዋ አንድ ላይ፣ ከዚያ ሌላው እንደ ፍጥርጥሩ» ሲል ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።

አንደኛዋ ጃንጥላ ናት። የዶርሜ ልጅ ናት፤ እኔ ከታች፣ እሷ ከላይ ነው የምንተኛው። ፀሐይም ይሁን ዝናብ የአባቷን ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ሳትይዝ ስለማትወጣ ስሙን ያወጣችላት አለቃ ናት። አለቃ ደግሞ የዶርማችን ገዢ ናት፤ መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ፣ መስኮቱ መቼ እንደሚከፈት የምትወስነው እሷ። ማንም አልመረጣትም። የቀሩት ሁለቱ መንታዎቹ ናቸው። ዝምድና የላቸውም፤ ግን አንዷ ስታስል ሌላዋ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

ወረፋው ተንቀሳቀሰ።

መጋቢት 9፣ እሑድ

አባባ ደወለ። ሁሌ እንደሚጠይቀው ጠየቀኝ። «አንደኛ ነሽ አይደል?»

«ነኝ አባባ።»

ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እንዲህ ነው የምለው። ልብስ ሰፊ ነው፤ የሰው ትከሻ እየለካ ስለ እኔ ያወራል። ሰፈሩ ውስጥ ኮት ያሰፋ ሰው ሁሉ አንደኛ መሆኔን ያውቃል። አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ከየትምህርት ክፍሉ አንደኛ የወጣውን ተመራቂ ለረዳት መምህርነት እንደሚያስቀር ከማን እንደሰማ እንጃ፤ «እንግዲህ መምህር ልንልሽ ነው» አለኝ።

የሚያስቀሩት አንድ ሰው ነው። በእኔና በጃንጥላ መካከል ያለው ልዩነት ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት ነው። ቁጭ ብዬ አስልቼው አይደለም፤ እንዲሁ አውቀዋለሁ።

መጋቢት 14፣ ዓርብ

ከእትዬ ፕሮክተር ጋር ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። የሴቶች ዶርም ተቆጣጣሪ ከሆኑ ስንት ዘመናቸው ነው፤ ዕድሜያቸው ለጡረታ አልፏል፣ በኮንትራት ነው የሚሠሩት። ግቢው ሲከፈት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ፣ በጽዳት ነው የተቀጠሩት።

ለካስ ይህ ግቢ ድሮ የሳንባ በሽተኞች ሆስፒታል ነበር! የዶርማችን በር እንዲያ የሰፋው አልጋ እየተገፋ እንዲያልፍበት ነው። ከአልጋችን ራስጌ ግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ በሽተኛው አስታማሚ የሚጠራበት ደወል ገመድ የሚወጣበት ነበር። እኔ ሚስማር የተነቀለበት ነው ብዬ እስክሪብቶ እሰካበታለሁ።

«የመጀመሪያዎቹ ሴቶች እንዴት ነበሩ እትዬ?» አለች ጃንጥላ።

«ጥቂት ነበሩ። ሲያልፉ ይጮኽባቸዋል። ክፍል ደርሰው ሲመለሱ ፍራሻቸው ላይ ውሃ ተደፍቶ ያገኙታል። እኔ ነኝ ፀሐይ ላይ የማወጣው።»

«ማን ነበር የሚደፋው?»

እትዬ ፕሮክተር ቁልፋቸውን ከአንድ ኪስ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ ማድረቁን ነው የማውቀው» አሉ።

ጃንጥላ ይህንንም ጻፈችው። ሁሉን ነገር ትጽፋለች። እኔ ጥያቄ እያሰብኩ ሳለ እሷ ጠይቃ ትጨርሳለች።

መጋቢት 20፣ ሐሙስ

ዛሬ ብዙ ነገር ሆነ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ከጃንጥላ ጋር መዝገብ ቤት ሄድን። ሠራተኛው ስምንት ሰዓት ላይ ከፈተልንና ልጁን ሐኪም ቤት ሊወስድ እንደሆነ ነግሮን፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትቶልን ሄደ። አቧራው ለጉድ ነው። እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ውሃ ለመጠጣት እንኳ አልወጣንም፤ ሁለታችንም አፍንጫችን ጠቁሮ እየተያየን ስንስቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት መዝገብ ያገኘችው እሷ ናት። ተማሪው መቶ ሰባት፣ ከዚያ ውስጥ ሴቶች አሥራ አንድ። የተመረቁት አራት። በሰባቱ ስም ትይዩ በቀይ ቀለም፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ «በራሷ ፈቃድ ለቃለች» ይላል። ሰባት ጊዜ።

ጃንጥላ ሰባቱን መስመር በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ ደብተሯ ላይ ጻፈችና አሳየችኝ፦ «መዝገቡ በራሷ ፈቃድ ይላል፤ ፈቃዱ የማን እንደነበር ግን አይልም።»

«ጥሩ ነው» አልኳት። ከጥሩም በላይ ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ለምን ለእኔ አይመጣልኝም?

ዶርም ስንመለስ ቀውጢ ሆኖ ጠበቀን። የአለቃ ላፕቶፕ ጠፍቷል። ዘጠኝ ሰዓት ስትወጣ ሎከሯ ውስጥ እንደነበር ትምላለች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ስትመለስ የለም። ቁልፉ አልተሰበረም። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። መንታዎቹም ያለቅሳሉ።

መጋቢት 21፣ ዓርብ

አንድ ነገር አምልጦኝ ተናገርኩ።

አለቃ «ሳይሰበር እንዴት ተከፈተ?» እያለች ስትብሰለሰል፣ «እነዚህ የሱቅ ቁልፎች እኮ አንዱ የሌላውን ይከፍታል፤ የጃንጥላ ቁልፍ ራሱ ያንቺን ይከፍታል» አልኳት። እንደ ቀልድ ነው ያልኩት። አየሩ ሲከብድ ጊዜ አንድ ነገር ለማለት ያህል።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጃንጥላም አየችኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ከወር በፊት መብራት ጠፍቶ ሳለ ተሳስታ የአለቃን ሎከር ከፍታ ደነገጠች። ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። «ለአለቃ ልንገራትና ትቀይረው?» ስትለኝ «ተዪው፣ ትቆጣሻለች» ያልኳት እኔ ነኝ። አስቤላት ነበር እኮ።

አለቃ ቁልፉን ከጃንጥላ እጅ ነጥቃ ሞከረችው። ጠቅ አለ። ትልቋ መንታ «ባለፈው ሳምንት ላፕቶፑን ልተይብበት ብላ ለምናሽ ስትከለክያት ፊቷን አይተሽው ነበር?» አለች።

«ሐሙስ ከሰዓት መዝገብ ቤት ነበርኩ። ከእሷ ጋር» አለች ጃንጥላ ወደ እኔ እየጠቆመች።

ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት አለቃ ጮኸችና ተውኩት።

መጋቢት 26፣ ረቡዕ

ጃንጥላ ለተማሪዎች ዲን ተከስሳለች። በራችን ላይ በጠመኔ «ሌባ» ተጽፏል። ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ የትንሿ መንታ ጣት ነጭ ነበር።

ካፌ ውስጥ ስትቀመጥ ጠረጴዛው ይለቀቃል። እኔ አልለቀቅኩም። በልቼ ጨርሼ ስለነበር ነው የተነሳሁት።

መጋቢት 29፣ ቅዳሜ

ፍራሿ ላይ ውሃ ደፍተውበታል። ውሃ ለሦስት ቀን በጠፋበት ግቢ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ተሰልፈው የቀዱትን።

እርጥቡ ወደ እኔ አልጋ ይንጠባጠባል። ወደ ትልቋ መንታ አልጋ ሄጄ አብሬያት ተኛሁ። ጃንጥላ ያለ ፍራሽ፣ ሽቦው ላይ ጋቢዋን አንጥፋ ተኛች። ጠዋት ፊቷ ላይ የሽቦው መስመር ነበር።

የጥርስ ብሩሼን ከእሷ ብርጭቆ አወጣሁ። አብሮ መቀመጡ ሰው ያናግራል።

ሚያዝያ 2፣ ማክሰኞ

ነገ የዲኑ ኮሚቴ ክሱን ይሰማል። ጃንጥላ መታጠቢያ ቤት ብቻችንን ሆነን አገኘችኝ።

«ነገ ሲጠይቁሽ ያው እውነቱን ትነግሪያቸዋለሽ፤ በቃ ያልቃል» አለችኝ። ፈገግ ብላ። «እኔ እኮ ባንቺ ነው የተጽናናሁት። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ማን ያምነኝ ነበር?»

«አይዞሽ» አልኳት።

ጠዋት አለቃ ደግሞ ሌላ ነገር ስትል ነበር። «የሌባ ምስክር ከሌባ አይለይም። ሎከሩን ስትከፍት በር የጠበቀላት ማን ነበር ይባላል።» እኔን እያየች አልነበረም። ጫማዋን እያየች ነበር።

አባባ ሁለት ጊዜ ደውሎ አላነሳሁለትም።

ሚያዝያ 3፣ ረቡዕ

እንዲህ ነው የሆነው። እኔ ምንም የዋሸሁት ነገር የለም። ቃል በቃል ልጽፈው ነው።

ዲኑ፣ አንዲት መምህርትና አንድ የተማሪ ተወካይ ተቀምጠዋል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «ከፍቼላቸው ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም» ብሎ ወጣ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ጃንጥላ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች።

«መጋቢት ሃያ ከሰዓት አብራችሁ ነበራችሁ?» አለኝ ዲኑ።

«ነበርን።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ማታ አካባቢ።»

«በመሐል ወጥታለች?»

«ሥራ ስሠራ ቀና ብዬ አላይም።»

«ስለዚህ ወጥታ ተመልሳ ሊሆን ይችላል።»

የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል። አንድ ቃል ነበር የሚፈልገው። አይችልም ማለት ብቻ።

«አላስታውስም» አልኩ።

ጃንጥላ ስሜን ጠራች። በጣም ቀስ ብላ፣ ከእንቅልፍ ሰው እንደሚቀሰቅስ። ዲኑ «አንቺ ዝም በይ» አላት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከመጣሁ ወዲህ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ የመጋቢት ሃያን አነበብኩ። ልቀደው ብዬ ተውኩት። የቀደደ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ነው።

ሚያዝያ 8፣ ሰኞ

አንድ ዓመት ታገደች። እስከ ግንቦት ሠላሳ ድረስ ይግባኝ ማለት ትችላለች ተብሎ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ካላለች ውሳኔው ይጸናል፣ የሌብነት ክስም በማኅደሯ ይቀራል። መታወቂያዋን ተቀብለው በሁለት ሰዓት ውስጥ ግቢውን እንድትለቅ አዘዟት።

እትዬ ፕሮክተር አልጋዋን ሊያራቁቱ መጡ። ጃንጥላ ልብሷን ስታጣጥፍ አጠገቧ ቆመው አገዟት። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ልጅቱ ከወጣች በኋላ እትዬ በሩን ይዘው ዞሩና፣ «በኛ ጊዜ እንኳ የሚያባርረው ሌላ ነበር። እናንተ ሥራውን አቀለላችሁለት» አሉ።

አለቃ «አሮጊት ስትጃጅ» ብላ ሳቀች።

ጃንጥላ ለእኔ ምንም ሳትለኝ አልሄደችም። «የቃለ መጠይቁ ደብተር ላይብረሪ ሎከር ውስጥ ነው፤ እንዳይጠፋብሽ» ነው ያለችኝ። ይሄ ምን ማለት ነው? ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

ሚያዝያ 17፣ ረቡዕ

ልብስ ማጠቢያው ጋ ነበርኩ፣ ከግድግዳው ወዲህ። አለቃና ትልቋ መንታ ከወዲያ።

«ለፊልም ብሎ ዶርም ሹልክ ብሎ ገብቶ ወስዶት፣ ከእጁ ወድቆ ተሰብሮበት፣ ፈርቶ ለጥገና ሰጥቶት ነው። ትርፍ ቁልፌ እሱ ጋ እንዳለ ረስቼው» ትላለች አለቃ። ስለ ጓደኛዋ ነው፣ ስለ ወንዱ። «ትናንት አመጣልኝ። ጽሑፌም አለ፣ ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ለዲኑ…»

«ምን ብዬ? መመረቂያዬ ደርሶ ስሜ ይጥፋ? እሷ እንደሆነች ዓመት ናት፣ ትመለሳለች።»

የያዝኩት ባልዲ ድንጋይ ነክቶ ጮኸ። አለቃ በግድግዳው ጫፍ ብቅ አለች። ብዙ አየችኝ።

«ምን ሰማሽ?»

«ውሃው ይጮሃል» አልኩ። ውሃ እኮ አልነበረም።

ሚያዝያ 24፣ ረቡዕ

አለቃ መስኮት ሥር ያለውን አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ጠዋት ጠዋት ሻይ ታፈላልኛለች። «የኛ ዝምተኛ» ትለኛለች።

ላፕቶፑንም አዋሰችኝ፤ የታሪኩን ጽሑፍ እየተየብኩበት ነው። ሽፋኑን ቀይራዋለች፣ ቀይ የነበረው ሰማያዊ ሆኗል። አንዱ ፊደል ከወደቀበት ጊዜ ጀምሮ አልታዘዝ ብሏል፤ ሁለቴ ካልመቱት አይጽፍም።

የጃንጥላ ደብተር የተሟላ ነው። ከመገልበጥ ሌላ የቀረኝ ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ግን ማስተካከልም ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉን እኔ ነኝ ያሳመርኩት።

ግንቦት 6፣ ሰኞ

አስገባሁ። መምህሩ የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ «የሁለታችሁ አልነበረም?» አለኝ።

«አብረን ጀምረን ነበር።»

መነጽሩን አወለቀ። «አሳዛኝ ነገር ነው» አለ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር። የሚጠይቅ ሰው ነው የጠፋው።

ግንቦት 15፣ ረቡዕ

ፈተና። ሦስት ቀን እንቅልፍ የለም። በጥያቄው መሐል ቀና ስል የእሷ ወንበር ላይ ፈታኙ ኮቱን አስቀምጦበታል።

ጽሑፉ ኤ አገኘ። መምህሩ ለክፍሉ ጮክ ብሎ አነበበው። «መዝገቡ በራሷ ፈቃድ ይላል፤ ፈቃዱ የማን እንደነበር ግን አይልም» የምትለው ጋ ሲደርስ ቆመና፣ «የታሪክ ሰው ማለት ይህን የሚጽፍ ነው» አለ። ተጨበጨበ። ከኋላ አንዱ «ጃንጥላ ናት ያለችው» ያለ መሰለኝ። ዞሬ አላየሁም። መስሎኝ ይሆናል።

ግንቦት 22፣ ረቡዕ

አንደኛ ወጣሁ።

ለአባባ አልደወልኩም። ምን ብዬ? እሱ እንደሆነ ዱሮም ያውቃል።

ግንቦት 30፣ ሐሙስ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቅጥር ደብዳቤዬን ተቀበልኩ። ረዳት መምህር። ማኅተሙ ገና እርጥብ ነበር፣ አውራ ጣቴን ነካኝ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጨብጦኝ፣ «የመጀመሪያ ሥራሽ የግቢውን የተማሪ ሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ ማዘጋጀት ነው» አለኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ዘበኛው አስጠራኝ። ዋናው በር ላይ አንዲት ሴትዮ ቆመዋል። አላወቅኳቸውም፤ ሲስቁ ግን አወቅኳቸው። የጃንጥላ ፈገግታ ነው።

«አንቺ ነሽ?» አሉና አቀፉኝ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው መምጣታቸው ነው፤ ልብሳቸው ናፍጣ ይሸታል። «ልጄ ስላንቺ ነው ሌት ተቀን የምታወራው። አንቺ ባትኖሪ ሦስቱን ዓመት አልችለውም ነበር ትላለች። እናትሽ ትባረክ።»

«እሷስ እንዴት ናት?»

«ከመጣች ጀምሮ ከአልጋ አልነሳ ብላለች። ምን እንደነካት አትነግረኝም፤ አሞኝ ነው ዕረፍት የወሰድኩት ትላለች። ፊደል አልቆጠርኩ እኔ፣ ምን አውቃለሁ?» ከጉያቸው ፖስታ አወጡ። ወረቀቱ ከላባቸው ረጥቧል። «ይህን ለጓደኛዬ ስጪልኝ፣ ወዴት እንደሚገባ ታውቃለች ብላኛለች። ከዛሬ እንዳያልፍ ነው ያለችኝ። በጊዜ ደረስኩ?»

«ደርሰዋል።»

«እኔን አላስገባ አሉኝ። አደራ ልጄ። መልሱን ሰምቼ እሄዳለሁ፤ እዚሁ በር ላይ አለሁ።»

ፖስታው አልታሸገም። ይግባኝ ነው፣ ለዲኑ። አጭር ነው፤ እሷ መቼም ቃል አታባክንም። የመጨረሻውን ብቻ ልገልብጠው፦ «በዚያ ቀን ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ ይህን ደብዳቤ ያመጣችው ራሷ ናት። ያን ጊዜ ያላስታወሰችው ፈርታ እንጂ ክፉ ሆና አይደለም። ዛሬ ብትጠየቅ እውነቱን እንደምትናገር አምናለሁ።»

የዲኑ ቢሮ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ከበሩ እስከዚያ የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው።

ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ባለጉዳይ ነበረ፤ ሰው ፊት አይሆንም ብዬ ጠበቅኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለጉዳዩ ወጣ። ጸሐፊዋ በመስኮት አየችኝና «ትገቢያለሽ?» አለችኝ፤ «ሰው እየጠበቅኩ ነው» አልኳት። አሥር ሰዓት ላይ ዲኑ ራሱ ወጥቶ ስልክ እያወራ ባጠገቤ ተመላለሰ። ተማሪ አይደለሁም አሁን፤ የሥራ ባልደረባው ነኝ። ራሱን ነቀነቀልኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩለት።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳሁ። በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ ግን። ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። ኮሪደሩን የሚወለውለው ሰው እንኳ ሰምቶኛል፤ «ሄደዋል እኮ፣ አሁን ነው የወጡት» አለኝ።

ፖስታው እዚህ ደብተር ውስጥ ነው።

ዋናው በር ስደርስ ሴትዮዋ አሁንም ቆመዋል። ዘበኛው ወንበር ሰጥቷቸው አልቀመጥም ብለው ነው አሉ። ከሩቅ ሲያዩኝ መጡ፣ ሮጡ ማለት ይቻላል።

«ተቀበሉሽ ልጄ?»

ቦርሳዬ ውስጥ የቅጥር ደብዳቤዬ ነበር። «ተቀብለውኛል እናቴ» አልኳቸው። ውሸት አይደለም።

ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጄን ሊስሙ ሲሉ ነጠቅኳቸው። ያን ያህሉ ሕሊና አለኝ።